እናቴ ያየችው አገር

ባለፈው ክረምት ሀና ማርያም አካባቢ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ገና አግዳሚው ላይ ሳልቀመጥ፣ የራሰ ሸራ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሳላስበው እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ለሟቹ ያለቀስኩ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሟቹን እንኳ በቅጡ አላውቃቸውም፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አጎት ናቸው። ያስለቀሰኝ ሽታው ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከመንገድ ስትመለስ እንደዚያ ነበር የምትሸተው፤ ሸራ ሸራ፣ ላምባ ላምባ፣ ከላዩ አቧራ።

ያኔ የምንኖረው ላፍቶ ነው። የዛሬውን ላፍቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ብነግረው አያምነኝም እንጂ፣ ከግቢያችን አጥር ማዶ ያለው ሁሉ የጤፍ ማሳ ነበር። መኪና ሲያልፍ የግቢው ልጅ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እኛ አንዲት አሮጊት ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር፤ እማዬና እኔ ብቻ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከጦርነቱ ሳይመለስ ቀረ። መልኩን የማውቀው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው።

እማዬ አስካለ ትባላለች። ቀደም ሲል አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፈረንጆች አገር ሊያዩ እንደገና መምጣት ሲጀምሩ፣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት የመንገድ ምግብ አብሳይ አድርጎ ቀጠራት። ፈረንጆቹ በሄዱበት አብራ እየሄደች፣ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ የላምባ ምድጃ አቀጣጥላ ሾርባና ፓስታ ታበስላለች። ሴት ልጅ ከወንድ ሹፌር ጋር በየበረሃው ማደሯ ለሰፈሩ ሰው ትልቅ ወሬ ነበር። እሷ አትመልስላቸውም። ነጠላዋን አጣፍታ ሰላም ብላ ታልፋቸዋለች።

ክረምቱን ሙሉ ቤት ትሆናለች። የመስቀል ደመራ በተለኮሰ ማግስት ግን ላንድክሩዘሩ በራችን ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ክፍል የገባሁ ዓመትም እንዲሁ መጣ። እማዬ ሻንጣዋን እያሠረች እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አልኳት።

«ፈረንጆቹ አይተው ሲጨርሱ።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«አገሩን ነዋ።»

«እኛን አያዩንም?»

ሳቀች። «ላፍቶ ምን አለ ብለው ይመጣሉ? ነይ፣ ሳልሄድ ጸጉርሽን ልሥራልሽ።»

ጸጉሬን አጥብቃ ሠራችኝ። ቶሎ እንዳይፈታ ብላ ነው መሰለኝ በጣም አጠበቀችው፤ ለብዙ ቀን ግንባሬን ሲወጥረኝ ከረመ። ሲላላ ደግሞ ከፋኝ፤ የእሷ እጅ ከራሴ ላይ የሄደ መሰለኝ።

ግድግዳችን ላይ ከቢሮዋ ያመጣችው ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ተለጥፎ ነበር። በየቦታው ሥዕል አለው፤ የጎንደር ግንብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን፣ ጢስ ዓባይ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ የሚያበላ ሰውዬ። እማዬ ስትሄድ አልጋው ላይ እቆምና በስንዝሬ እለካዋለሁ። ከአዲስ አበባ ጎንደር አንድ ስንዝር አይሞላም። ከጎንደር አክሱም ሁለት ጣት ነው። ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ማታ ማታ ለምን ቤቷ መጥታ እንደማትተኛ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ግን ምክንያቱን ያወቅሁት መሰለኝ፤ ላፍቶ ካርታው ላይ የለም። መንገዱ ጠፍቷቸው ነው አልኩ። በእርሳስ አዲስ አበባ ከሚለው ጽሑፍ ሥር ትንሽ ቤት ሣልኩና በሩ ላይ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ።

እማዬ በሌለችበት የምውለውና የማድረው ከጎናችን ካሉት ተከራዮች ከጋሽ ዋንጋና ከሚስቱ ከእትዬ ብርሃኔ ጋር ነበር። ልጅ የላቸውም። ጋሽ ዋንጋ ሸማኔ ነው፤ አገሩ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ ተራራው ላይ፣ ዶርዜ የሚባል መንደር ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ክፍላቸው ውስጥ ከበሩ አጠገብ ወለሉ ተቆፍሮ፣ እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ቁጭ ብሎ ይሸምናል። እንጨቱን በእግሩ ሲረግጠው የሚሰማው ድምፅ፣ ቀጥሎ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ቀጥሎ ክሩን ጠጋ ጠጋ ሲያደርገው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን ድምፅ ገና ከማሳው ዳር እሰማዋለሁ። የእኔ ሥራ ክር ማጠንጠን ነበር። ማጉን ከልቃቂቱ እየሳብኩ ቀሰም በምትባለው ቀጭን ሸምበቆ ላይ እጠመጥምለታለሁ። ከላላ ይፈታዋል፤ ምንም ሳይናገር መልሶ ይሰጠኛል።

ጋሽ ዋንጋ አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ «አንተ» ይለኝ ነበር። «ትግስቴ፣ ና ብላ።» ወንድ ልጅ አምሮት ይሆናል ብዬ አዝንለታለሁ።

እትዬ ብርሃኔ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እሱም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እየጮኸች ትጸልያለች። መጀመሪያ ሰሞን የማይታይ ሰው ቤቱ ውስጥ አለና ከእሱ ጋር ትጣላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ዳቦ በሻይ ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። እማዬ ስትሄድ ረቡዕና አርብ እንድጾም አደራ ብላት ነበር። እትዬ ብርሃኔ እሷ አትጾምም፤ ግን ረቡዕና አርብ ለእኔ ለብቻ በትንሽ ድስት ሽሮ ትሠራልኛለች፤ የቅቤውን ማንኪያ አጠገቡ አታደርሰውም። ለብቻ በተሠራ ድስት ለብቻዬ ስበላ ደግሞ ብቸኝነቱ ይብስብኛል። ይህን ግን ለእሷ አልነግራትም።

በዚያ መስቀል በየሰፈሩ ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች ሁሉ አገራቸው ገብተው ነበር። ለመስቀል የማይገባ ዶርዜ የለም ይላሉ። ጋሽ ዋንጋ ብቻ ቀረ። ጓደኞቹ ጥቅላቸውን ተሸክመው ሊሰናበቱት ሲመጡ ከጉድጓዱ ሳይወጣ በእጁ ብቻ ሰላም አላቸው። እኔም እማዬ ልትሄድብኝ ነበርና ተመሳሰልን አልኩ። ለምን እንደማይሄድ ብጠይቀው «ሥራ አለብኝ» አለኝ። ያን ቀን ግን ብዙ ሲሠራ አላየሁትም።

ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀርበኝ ልጅ አልነበረም። ላፍቶ ገና አዲስ ገቢ ነበርን፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። አንድ ቀን አስተማሪያችን ስለ ታሪካዊ ቦታዎች ሲያስተምሩ «የጎንደርን ግንብ ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፤ አልጋችን ራስጌ ነው ያለው።

«ተነሺ፤ ምን ይመስላል?»

«ቡናማ ነው። ጫፉ እንደ እንቁላል ክብ ነው። ከሥሩ ትንሽ ተቀዷል።»

«ተቀዷል?»

«እማዬ ስትለጥፈው ነው የተቀደደው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ «የተቀደደው ግንብ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ቤት ስመለስ እማዬ የለችም። ለእትዬ ብርሃኔ ልነግራት አስቤ፣ እሷም ብትስቅስ ብዬ ተውኩት። ክር ሳጠነጥን ዋልኩ።

ከዚያ ሁሉ ግን የማልረሳው ላሊበላ የመጣ ቀን ነው። እማዬ ስትሄድ «መጨረሻችን ላሊበላ ነው፣ ከላሊበላ ወደ ቤት ነው» ብላኛለች። አንድ ጎህ ሲቀድ፣ ገና ሰማዩ ሳይለይ፣ ከበር ውጭ ዘፈን ሰማሁ፤ የወንድ ድምፅ፣ ሴት ትቀበለዋለች። የግቢው ባለቤት አሮጊቷ ከክፍላቸው ሆነው «ላሊበላ መጣ፤ ተነሱ፣ ስጧቸው» አሉ።

ጫማ አላደረግሁም። በሌሊት ልብሴ ጤዛውን እየረገጥኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። ቆርቆሮውን በር ስከፍት አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ቆመዋል። ከኋላቸው አየሁ። ማንም የለም።

«እማዬስ?» አልኳቸው።

ዘፈኑን አቋረጡ። ሴትየዋ ጎንበስ አለችልኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስካለ። ላሊበላ ናት። ከእናንተ ጋር አልመጣችም?»

ሁለቱ ተያዩ። ላሊበላ ማለት ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ መሰለኝ እንጂ፣ ጎህ ሲቀድ በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑና የሚመርቁ ሰዎች እንደዚያ እንደሚባሉ አላውቅም ነበር። ሴትየዋ ቀና ብላ ሰውዬውን በክርኗ ነካ አደረገችው፤ እንደገና ጀመሩ። በዘፈኑ መሀል አስካለ አስካለ እያለች፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት፣ በሰላም ለልጇ ይመልሳት እያለች ትመርቅ ጀመር። የእናቴን ስም ስትጠራ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ታውቃታለች ማለት ነው፤ አይታታለች። ስሙን ራሴ እንደነገርኳት አላስታወስኩም። ጋሽ ዋንጋ ዳቦ ይዞላቸው መጣና እኔን በጋቢው ጠቅልሎ አቀፈኝ። እትዬ ብርሃኔ እግሬን በሙቅ ውሃ እያጠበችኝ «እናትሽን እግዚአብሔር ያመጣልሻል» አለችኝ። «ያቺ ሴትዮ እኮ አግኝታታለች» አልኳት። ሌላውን እግሬን አንስታ ማጠቧን ቀጠለች።

እማዬ ስትመጣ መጀመሪያ የማገኘው ሽታዋን ነው። ከዚያ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ስትነሳ ወገቧን ይዛ «አደከመኝ፣ ይሄ መንገድ ገደለኝ» ትላለች። ከዚያ ልብስ እያጠበች ትነግረኛለች። ላሊበላ ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ድንጋይ ወደ ታች እየተፈለፈለ እንደተሠራ፤ ጣራው ከመሬት እኩል እንደሆነ፤ ሰው ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ ወርዶ እንደሚገባ። እኔ የጋሽ ዋንጋን የሸማ ጉድጓድ አሰብኩ። ስሜን ተራራ ላይ ጠዋት የድስቱ ውሃ በረዶ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ዝንጀሮዎቹ ጋሜያቸውን እያርገፈገፉ ድንኳኑ ድረስ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትናገር እጇ ልብሱ ላይ ይቆማል። እኔ ግን የያዝኩት «ገደለኝ» የሚለውን ነው። እማዬን ፈረንጆቹ እያስገደዱ የሚወስዷት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። «ላፍቶ ምን አለ ብለው ይመጣሉ?» ብላኝ የለ? ላፍቶ የሚታይ ነገር ቢኖረው ፈረንጆቹ ወደዚህ ይመጣሉ፤ እማዬ ደግሞ እዚሁ ታበስልላቸዋለች፤ ማታ ቤቷ ትገባለች። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሆኖ ነበር። መሀሉ ላይ ገበሬው ሲያርስ እየዞረው የሚያልፈው አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ በየቀኑ አጠገቡ ያለውን እሾህና ገለባ አጸዳሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ጋሽ አበራ እማዬን ሊወስድ ሲመጣ፣ እሷ ዕቃዋን እስክታወጣ እጁን ያዝኩት።

«ጋሽ አበራ፣ ላሳይህ ነገር አለኝ።»

ተከተለኝ። ረጅም፣ ጺሙን የማይላጭ ሰው ነው። ድንጋዩ ጋ ደርሰን ቆምን።

«ይሄ ነው» አልኩት። «ማንም አልፈለፈለውም። ከታች ምን እንዳለውም አይታወቅም። ፈረንጆቹ መጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው። ላሊበላ ሩቅ ነው፤ ይሄ ቅርብ ነው።»

ጋሽ አበራ አልሳቀም። ድንጋዩን ዞረው፣ በእጁ መታ መታ አደረገው። እኔን አየኝ፤ ወደ ቤታችን በኩልም አየ። «ጥሩ ድንጋይ ነው» አለኝ። «ለአለቃዬ እነግረዋለሁ።»

ታኅሣሥን ሙሉ ጠበቅሁ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ እወጣለሁ። የመጣ የለም። ጥምቀትንም እማዬ ጎንደር ዋለች። እኔ ታቦቱ ሲያልፍ ከአሮጊቷ ጋር ቆሜ አየሁ፤ እትዬ ብርሃኔና ጋሽ ዋንጋ እዚያ አይመጡምና።

ከጥምቀት በኋላ እማዬ ወደ ደቡብ እንደምትሄድ ተነገራት። ላንጋኖ፣ አዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ጨንቻ። ያን ስትናገር ጋሽ ዋንጋ መወርወሪያውን አቆመ። በማግስቱ የሚሠራውን የሰው ሥራ ወደ ጎን አድርጎ ሌላ ድር ሲወጥር አየሁት። ያን ሳምንት ያጠነጠንኩት ክር ሁሉ ወፍራም ነበር።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለእናቴ።»

«እናት አለችህ?» ትልቅ ሰው እናት ሊኖረው እንደሚችል አላሰብኩም ነበር።

«አለች መሰለኝ» አለ።

ስለ ቤታቸው የነገረኝ ያኔ ነው። በእነሱ አገር ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ነው፤ እንደ ቅርጫት ይሸመናል። ከፍ ያለ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ግን ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። ስለዚህ ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል።

«እናትህ ውስጡ ናት?»

«አዎ።»

«እሷስ አታጥርም?»

ይህን ስጠይቀው ጋሽ ዋንጋ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ውጭ ሄደ። እትዬ ብርሃኔ ናት ከዚያ የነገረችኝ። አባቱ በአገሩ መሥዋዕት የሚያቀርብ፣ የተከበረ ሰው ነበር። ዋንጋ በወጣትነቱ ወንጌል ሲቀበል፣ አባቱ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ» አለው። ወደ አዲስ አበባ መጣ። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱ የሰማው ግን ከተቀበረ በኋላ፣ ለመስቀል ገብተው ከተመለሱ ሰዎች ነው። አልቅሶ ሊቀብረው አልደረሰም። አሁን ደግሞ በምን ፊቱ ይሂድ? እናቱና ወንድሞቹ ቂም እንደያዙበት እርግጠኛ ነው፤ ስለ እነሱ ማንንም ለመጠየቅ አይደፍርም።

እማዬ በምትሄድበት ጠዋት ጋሽ ዋንጋ ቡሉኮውን አጣጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። በር ላይ ቆመ።

«አስካለ፣ አስቸግርሻለሁ።»

«ምን ችግር አለው፤ አምጣው።»

«ቤቱ ከገበያው በላይ ነው። የማዳ ልጅ የዋንጋ እናት ብትዪ ያሳዩሻል። ካልተቀበለችሽ መልሰሽ አምጪው፤ አልቀየምም።»

«ትቀበላለች እንጂ። ምን እንድላት ትፈልጋለህ?»

ብዙ አሰበ። «ደህና ነው በያት» አለ።

እማዬ ከሄደች በኋላ ሁለታችንም አንድ ሰው የምንጠብቅ ሆንን። መኪና ስንሰማ ቀና እንላለን። ትመጣለች የተባለችበት ቀን መጣ፤ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። እትዬ ብርሃኔ ጠዋት የምትጸልየው ጸሎት ረዘመ፤ የእማዬን ስም ሰማሁበት። አሮጊቷ ግቢ ውስጥ ለሆነ ሰው ስለ መኪና መገልበጥ ሲያወሩ ሰምቼ ምሳ አልበላም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዋንጋ ኮቱን ለበሰ። ኮት እንዳለው አላውቅም ነበር። «ና፣ እንሂድ» አለኝ።

መካኒሳ ድረስ በእግር ሄድን፤ ከዚያ በታክሲ ወደ ሜክሲኮ። የእማዬ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ላይ እኛ ቤት ያለው ካርታ ተሰቅሏል፤ ያልተቀደደ፣ መስታወት ውስጥ የገባ። የእኔ ቤት የለበትም። ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ጋሽ ዋንጋን አየችው፤ ለሥራ የመጣ መስሏት «ዘበኛ አንቀጥርም» አለችው።

«የአስካለን ልጅ ይዤ ነው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፁ። «እናቷ ዘገየችባት።»

ሴትዮዋ ያኔ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ፤ ወንበር ሰጠችኝ። «ውይ፣ አልተነገራችሁም እንዴ? አርባ ምንጭ መኪናው ተበላሽቶ ነው። ዕቃ ተልኮላቸዋል። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ደውለዋል።» ለእኔ ከረሜላ ሰጠችኝ። ጋሽ ዋንጋ አመስግኖ ቆመ፤ ግን አልሄደም። ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ወደ በሩ ያያል፤ ተመልሶ ሴትዮዋን ያያል። «ጨንቻ ደርሰዋል?» አለ በመጨረሻ። ሴትዮዋ እንደማታውቅ ነገረችው።

እማዬ ከሁለት ቀን በኋላ መጣች። ከሽታዋ በፊት ድምፅዋን ሰማሁ። ከመኪናው ወርዳ አቅፋ አነሳችኝና እንደተሸከመችኝ በቀጥታ ወደ ጋሽ ዋንጋ ክፍል ገባች። ያን ቀን አልተኛችም። ጋሽ ዋንጋ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለችውና ራሷም መሬት ላይ ቁጭ አለች። በእጇ ጋዜጣው አልነበረም፤ ቡሉኮውም አልነበረም።

«አለች» አለችው። «እናትህ አለች። ዓይኗ ደክሟል እንጂ ደህና ናት።»

እትዬ ብርሃኔ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቤቱ በጣም አጥሯል። እሷ እንኳ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። ፈረንጆቹ ቤቱን ፎቶ ሲያነሱ እሷን በር ላይ አስቁመው አነሷት፤ እሷ ግን እኔን ነው የያዘችው፤ እጄን አልለቅ አለች። የወንድምህ ልጅ አማርኛ ይችላል፤ እሱ ነው ያስተረጎመልን። የልጄ ሚስት ነሽ ወይ አለችኝ። አይደለሁም፣ ጎረቤቱ ነኝ አልኳት። ልጅ አለው ወይ አለችኝ። አንዲት አብራው የምታጠነጥን ልጅ አለች አልኳት።»

«ምን አለች?» አለ ጋሽ ዋንጋ። «ስለ እኔ ምን አለች?»

እማዬ ቃሉ እንዳይጠፋባት እንደያዘችው ሁሉ ቀስ ብላ ተናገረች። «‹የተቆጣው ሰውዬ ሞቷል፤ አሁን እዚህ ቤት የሚቆጣ የለም በይው› አለችኝ።»

ጋሽ ዋንጋ ራሱን ድሩ ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ያመመው መሰለኝ፤ ውሃ ላመጣለት ሮጥኩ። ይዤ ስመለስ እማዬና እትዬ ብርሃኔም ያለቅሱ ነበር፤ ውሃውን የሚቀበለኝ አጣሁ።

የእሱ ደስታ የእኔ ጉዳት እንደሚሆን ያን ቀን አልገባኝም። በመጋቢት መጀመሪያ ጋሽ ዋንጋና እትዬ ብርሃኔ ዕቃቸውን አሠሩ። «ቤቱን ለማንሳት ሰው ይሰበሰባል፤ እኔም መሸከም አለብኝ» አለኝ። «ፋሲካን ውለን እንመጣለን።» የሽመናውን እንጨቶች አንድ በአንድ ነቅሎ ሲያሥር አየሁ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ሁሉን ነቅሎ እንደማይሄድ እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። እትዬ ብርሃኔ ትንሿን ድስት ለእኔ ሰጠችኝ። ግንባሬን ስማኝ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ጸለየች፤ ያን ቀን አልጮኸችም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሳው ዳር ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም አይሰማም። ክፍላቸው በሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ገብቼ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ታች አይደርስም። አሮጊቷ በሳምንቱ በአፈር አስደፍነው ለሌላ ሰው አከራዩት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሸማኔ በበር ሲያልፍ፣ ዋንጋ እዚያው ከእናቱ ቤት አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ሥራ እንደጀመረ ነገረን።

እማዬ እኔን የምትተውበት ሰው አጣች። አሮጊቷ አቅም የላቸውም፤ አዲሶቹን ተከራዮች አናውቃቸውም። ሳትነግረኝ ሥራውን ለቀቀችና መካኒሳ አንድ ምግብ ቤት ገባች። ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ ማታ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ትመጣለች። ያን ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ይህንን ነበር። ደስ ብሎኝ በየቀኑ በር ላይ እጠብቃታለሁ። እሷ ግን ጨዋታዋ ቀነሰ። ልብስ ስታጥብ ዝም ብላ ታጥባለች። «አደከመኝ» አትልም፤ ሌላም አትልም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ አበራ በላንድክሩዘሩ መጣ። ከክረምቱ በፊት የመጨረሻ ጉዞ አለ፣ አብሳይ ጠፍቶባቸው ነው የላኩት። እማዬ በር ላይ ቆማ አነጋገረችው።

«አልችልም፤ ልጄን ለማን ትቼ» አለችው።

«እሱማ አዎ» አለ። ሊሄድ ዞረ።

«በየት በኩል ነው የምትሄዱት?» አለች እማዬ።

«በባሕር ዳር። ጎንደር፣ ስሜን፣ ከዚያ ላሊበላ።»

«ጢስ ዓባይ ውሃው አሁን ይቀንሳል አይደል?»

«ቀጭን ሆኗል።»

«ስሜን ብርዱስ?»

«ያው ነው። ላሊበላ ያቺ ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ትጠይቅሻለች። ‹የት ጣላችኋት› ትላለች።»

«ልጇን ዳረች?»

«ለጥር ነው ያሉት።»

እንዲህ እያለች ስለ ሁሉም ጠየቀችው፤ ሰው ስለ ዘመዶቹ እንደሚጠይቅ። ከኋላዋ ቆሜ ስሰማ፣ እማዬን ማንም አስገድዶ ወስዷት እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ።

«እማዬ፣ ሂጂ» አልኳት። «ብቻዬን እሆናለሁ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እማዬ ፈገግ ብላ ጸጉሬን ዳበስ አደረገችኝ። «ደህና ግባ፣ አበራ» አለችው። «ሰላም በልልኝ።»

መኪናው ዞሮ ሄደ። እማዬ እስከ መንገዱ ወጥታ ቆመች፤ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ» አልኳት።

«ወዬ» አለች። አቧራው መሬት እስኪነካ ድረስ ግን ወደ እኔ አልዞረችም።